ጋቢና ውስጥ የቀረ ጠብ

እናቴና አባቴ ሲጣሉ ሰምቼ አላውቅም። አይቼ ግን አውቃለሁ፤ ከአስፋልት ማዶ ሆኜ፣ በመስታወት ውስጥ፣ ፀሐይ ዓይኔን እያጭበረበረችው። ልጅነቴን ሳስብ ቀድሞ የሚመጣልኝ ይኸው ነው። የአዳማ ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ አቧራውን ብድግ አድርጎ መልሶ ሲያስቀምጠው፣ ከጎሚስታው ደጃፍ የቆመ ባለ ተሳቢ መኪና፣ ጋቢናው ውስጥ ደግሞ የእናቴ እጆች ወደ ላይ ወደ ታች ሲሉ። ድምፅ የለም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። አባቴ መሪውን ይዞ ፊት ለፊት ያያል፤ መኪናው ግን የትም አይሄድም።

አባቴ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነበር። ሲወርድም ሲመለስም አዳማን ማለፉ ስለማይቀር፣ እናቴ ለዚህ ብላ ከወላጆቿ ከወንጂ ወጥታ ከዋናው መንገድ አጠገብ ቤት ተከራየች። ቤት ስል አንድ ክፍል ማለቴ ነው። ከጎረቤት የሚለየን ኮምፔርሳቶ ስለነበር ከወዲያ በኩል ያለው ሰውዬ ሲያስነጥሰው እኛ "ይማርህ" እንለው ነበር፤ እሱም "ያኑራችሁ" ይለናል። አባቴ እዚህ ቤት አያድርም። ጭነቱን ጥሎ ከተኛ ጎማውንም ባትሪውንም ፈትተው ይወስዱበታል። ምሳውን እኛ ጋ ይበላል፤ አንድ ዓይኑ በሩ ላይ ነው። ከዚያ ተሻግሮ ወደ ጋቢናው ይመለሳል፤ አልጋውም ሳሎኑም እዚያው ነበር።

መኪናው ሲመጣ ከጆሮዬ በፊት የሚያውቀው ጀርባዬ ነው። በዚያ ሙቀት ከእህቴ ጋር ወለል ላይ በተነጠፈ ሰሌን ተጋድመን፣ እንቅልፍ ይሁን ንቃት በማይለይ ሁኔታ ውስጥ እያለን ሲሚንቶው ከሥራችን ይንቀጠቀጣል። "መጣ" እላለሁ ዓይኔን ሳልገልጥ። ብዙውን ጊዜ የሌላ ልጅ አባት ነው የሚያልፈው። አንዳንዴ ግን መንቀጥቀጡ ቆም ይላል፤ ፍሬኑ ረዘም ያለ ትንፋሽ ያወጣል፤ ያን ጊዜ አባታችን ከአዋሽ የገዛውን የከሰል ጆንያ ተሸክሞ በሩን ያጨልመዋል። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። እስከ ዛሬ ማደያ ስገባ ልቤ ቅልጥ ይላል፤ ባለቤቴ በዚህ ትስቅብኛለች።

ምሳ ሲያልቅ እናቴ እጇን ትታጠብና ነጠላዋን ታጣፋለች። "ከአባታችሁ ጋር ነገር አለን" ትለናለች። ሌላ ማብራሪያ የለም። አስፋልቱን ትሻገራለች፤ ደረጃውን ወጥታ ጋቢና ትገባለች፤ በዚያ ቃጠሎ መስታወቱን ጥርቅም አድርጋ ትዘጋለች። እኔና እህቴ ከጎሚስታው አሮጌ ጎማዎች ላይ ተቀምጠን እንጠብቃለን። መጀመሪያ እጆቿ ይታያሉ። ቀጥሎ መጋረጃው ይሳባል። ከዚያ በኋላ ረጅም፣ በጣም ረጅም ጊዜ ምንም የለም፤ ነፋስ፣ የጎሚስታው መዶሻ፣ የሚያልፍ የፈረስ ጋሪ። ወደ ኋላ ስትመለስ ዓይኗ አብጦ፣ ጉንጯ ላይ መስመር ተጋድሞ እናገኛታለን። አልቅሳለች ብለን ዝም እንላታለን። እሷ ግን ዕቃ ስታጥብ መዝሙር ታንጎራጉራለች።

ለምን ቤታቸው እንደማይጣሉ አውቅ ነበር። እናቴ ጴንጤ ናት፤ በግቢው ውስጥ ብቸኛዋ። አከራያችን ከበር ሆነው የሚያዩን ዓይነት ሰው ነበሩ። "ጴንጤም እንደ ሰው ይጨቃጨቃል እንዴ?" እንዳይባል ትፈራለች። የኛ ገመና የእኛ ብቻ እንዳልሆነ፣ የጌታ ስም አብሮ እንደሚሰደብ ነግራናለች። እህቴ ስትመታኝ እንኳ አፌን ይዤ ነበር የማለቅሰው። አባቴ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው አልፎ አልፎ፣ ያውም ከበሩ አጠገብ ለመቆም ነበር፤ በዚህ ነገር ግን ከእናቴ ጋር ተስማምቷል። "ሆድ ይፍጀው" ይላል፤ ሌላ ስብከት የለውም።

እኔም ሆዴ እየፈጀው አደግኩ። መዘምራን ገባሁ፤ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት አስተማርኩ፤ የስብከት ኮርስ ወሰድኩ። ለአገልግሎት የተጠራሁበትን ቀን ሰው ሲጠይቀኝ አፍራለሁ፤ ምክንያቱም እንደ ሌሎቹ ብርሃን አላየሁም። እኔን የሚስበኝ ሁልጊዜ የሰው ቤት ነበር። በመንገድ ስሄድ በተከፈተ በር ውስጥ አንድ ቤተሰብ ትሪ ከቦ ሲበላ ካየሁ እግሬ ይታሰራል። ምን እያወሩ ይሆን እላለሁ። አባት እንዲህ በቀን ብርሃን ጫማውን አውልቆ ሲቀመጥ እንዴት ዓይነት ነገር ነው? ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ፓስተር የሆንኩት ብል ማጋነን አይሆንም።

ከባለቤቴ ጋር የተዋወቅነው አዳማ ለትምህርት መጥታ ነው። የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት፤ ወላጆቿ እህል ነጋዴዎች ናቸው። በተጋባን ሰሞን ታዲያ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ በጉባኤ ፊት ትከሻዬን ይዘው፣ "ይህ ልጅ ከሰላም ቤት የወጣ ነው። እናትና አባቱ ሲጣሉ የሰማ ሰው የለም። የቤተሰብ አገልግሎቱን እሱ ይያዝ" አሉ። ሕዝቡ አሜን አለ። እናቴ ከፊት ወንበር ላይ አንገቷን ደፋች፤ ትሕትና መሰለኝ።

ያዝኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ አዳማ፣ በሳምንቱ መሐል ሞጆ እሄዳለሁ። ሞጆ ላይ ከደረቅ ወደቡ ተራ የሚጠብቁት መኪኖች ተደርድረው ሳይ ሁሉም ጋቢና ውስጥ እናቴ ያለች ይመስለኛል። የሹፌር ሚስቶች ይመጣሉ፤ ባሎቻቸው ከመንገድ ሲገቡ ደግሞ ጥንድ ጥንድ ሆነው። የማስተምራቸው አንድ ነገር ነበር፤ "ባልና ሚስት ሲጣሉ ግድግዳው እንኳ መስማት የለበትም።" ይወዱታል። አንድ ሹፌር ጋቢናው ላይ አጽፎት አየሁ፤ ኩራቴ ሰማይ ነካ።

ቤቴ ግን እየቀዘቀዘ ነበር። እኔ ስናደድ መጀመሪያ መስኮቱን እዘጋለሁ፤ ቀጥሎ በሩን። "ሦስተኛው አፍህ ነው" ትለኛለች ባለቤቴ። እሷ ያደገችበት ቤት ከጠዋት እስከ ማታ በስንዴ ዋጋ ሲጨቃጨቅ ውሎ ከአንድ ትሪ ይበላል። "እባክህ ተቆጣኝ" ትላለች። "ስትደሰት ዝም፣ ስትከፋ ዝም፤ በምን ልለይህ?" እኔ ደግሞ ውስጤ እሳት እየነደደ "በጸሎት እናስበው" እላታለሁ። ጠብ እንዴት እንደሚጀመር አውቃለሁ፤ ነጠላ ታጥፎ፣ አስፋልት ተሻግሮ። እንዴት እንደሚያልቅ ግን በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። መጋረጃው ከተሳበ በኋላ የሚባለውን ቃል ማንም አላስተማረኝም።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ቤተ ክርስቲያናችን ከመስከረም ጀምሮ ወደ መተሃራ ልትልከኝ አሰበች፤ ከሸንኮራ እርሻው ሠራተኞች ቤተሰቦች ጋር እንድሠራ። ለእኔ ቀደም ብሎ ነው የተነገረኝ። ለባለቤቴ ዛሬ እነግራታለሁ፣ ነገ እነግራታለሁ ስል፣ ያን የሷን ድምፅ ስፈራ እሑድ ደረሰ። ሽማግሌው መድረክ ላይ ወጥተው መሄዴን አበሰሩ። ሰው አጨበጨበ፤ እልል ተባለ። ባለቤቴ ተነሳች። የትንሿን ልጃችንን እጅ ያዘችና በመሐል መተላለፊያው፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ወጥታ ሄደች። ጭብጨባው እየሳሳ፣ እየሳሳ ሲጠፋ ተሰማኝ። ፊቴ ነደደ። ቤት ስገባ መስኮቱን ዘጋሁ፤ ምንም አልተባባልንም።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጃችንን ይዛ ነገሌ ወረደች። "ለእረፍት ነው" አለች። ክረምቱ ተጋመሰ፤ አልመጣችም። ስደውል ስለ ልጃችን ጉንፋን፣ ስለ ዝናቡ እናወራለን። አንድ ቀን ግን፣ "አልመለስም መሰለኝ" አለችኝ፤ ድምፅዋ እንደ ወትሮው ሞቅ ያለ እንኳ አልነበረም። "እዚያ ቤት የምኖረው ከግድግዳ ጋር ነው።" ስልኩ ከተዘጋ በኋላ፣ ቀኑ ቅዳሜ ነበርና፣ ሄጄ ጥንዶችን አስተማርኩ። ያቺን ግድግዳ የምትለዋን ትምህርት ስጀምር ሳል አስመስዬ ዘለልኳት። ሚስቴን እወዳታለሁ፤ ላጣት ነው፤ ሥራዬ ደግሞ ሌላው ሰው ሚስቱን እንዳያጣ ማስተማር ነው።

እናቴና አባቴ አሁንም አዳማ ናቸው። አባቴ መኪናውን ትቶ ከጓሮው የኒም ዛፍ ሥር ይውላል፤ የሞተሩ ጩኸት ጆሮውን አድክሞታል። ከቅዳሜው ማግሥት ከአምልኮ በኋላ ሄድኩ። ነፋሱ ቅጠሉን ያንሿሿዋል፤ የምሳ ሰዓት ድካም በሁላችንም ላይ ወርዷል፤ ልጅ ብሆንና እዚያው ብተኛ ብዬ ተመኘሁ። ይልቅ ጠየቅኩ።

"እማዬ፣ ያኔ ጋቢና ውስጥ ምን ነበር የምትባባሉት?"

"የቱ ጋቢና?"

"የአባባ መኪና ውስጥ። 'ነገር አለን' ብለሽን ስትሄጂ። መጋረጃው ከተሳበ በኋላ እንዴት ነበር የምትታረቁት?"

እናቴ አየችኝ። ከዚያ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትስቅ ጀመር፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

"ኸረ ተኝቼ ነው!"

"ምን?"

"ተኝቼ ነዋ፣ ልጄ! እናንተ ሁለታችሁ፣ ልብሱ፣ ውኃ መቅዳቱ፣ የአከራያችን ዓይን... የት ልተኛ? ጋቢናው ፍራሽ አለው፤ መጋረጃ አለው። አባታችሁ ይጠብቀኛል።"

አባቴ ነገሩ ገብቶት ጎንበስ አለ። "መጀመሪያ ትንሽ ትቆጣኛለች" አለ ጮክ ብሎ፤ ጆሮው ከደከመ ወዲህ እንደዚያ ነው የሚያወራው። "እጇን ታወናጭፋለች። ከዚያ ትተኛለች። እኔ ዝንብ እከላከልላታለሁ።"

ያ ሁሉ ከሰዓት በኋላ፣ ያ ያበጠ ዓይን፣ ያ ጉንጭ ላይ የተጋደመ መስመር፤ የትራስ ነበር። አገልግሎቴን በሙሉ የመሠረትኩት በእናቴ እንቅልፍ ላይ ነው። ልስቅ ፈለግኩ፤ የተሰረቅኩም መሰለኝ።

"ታዲያ ተጣልታችሁ አታውቁም?"

አባቴ የዛፉን ግንድ ማየት ጀመረ።

"አንዴ" አለች እናቴ። "መስመር ላይ ሌላ ቤት አለው ብለው የነገሩኝ ጊዜ። ያን ቀን ጋቢናው አልበቃኝም። ወርጄ አስፋልቱ ላይ ቆሜ ጮህኩበት። ጎሚስታው መዶሻውን ጥሎ ቆመ። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። እናንተ ትምህርት ቤት ነበራችሁ።"

"አንተስ አባባ?"

"እኔም ጮህኩ" አለ አባቴ። "ምን ላድርግ፤ ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ።"

"እውነት ነበር ወይ?"

"አልቋል" አለች እናቴ፤ የመለሰችው እሷ ናት። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ያለው ቅሬታ አይደለም፤ የደከመ ሰው እፎይታ ነው። "ጌታን አሰደብኩ ብዬ ስንት ቀን አለቀስኩ መሰለህ። አከራያችን መጡና ምን አሉኝ? 'እኔ እኮ ቅዱሳን መስላችሁኝ ፈርቻችሁ ነበር' አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ወዳጄ የሆኑት።"

"ለምን አልነገርሽኝም? ሽማግሌው በጉባኤ ፊት ስለኛ ቤት ያሉትን እየሰማሽ?"

"አንተ መቼ ጠየቅኸኝ? ስታስተምር እሰማሃለሁ፤ 'እንዲህ ነበርን እንዴ?' እላለሁ። ደስ ሲልህ ዝም አልኩ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ሚስትህ የት አለች?" አለችኝ። ያልነገርኳትን ታውቀዋለች። ጉንጬ ላይ የወረደውን እንባ አልደበቅኩትም።

በማግሥቱ በሞጆ አድርጌ ወደ ነገሌ ወረድኩ። ሚኒባሱ እንደ ሀገራችን ወግ ነፋስ እንዳይመታን ብሎ መስኮቱን ሁሉ ዘግቶ፣ በሰው ትንፋሽ ሞቆ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል። ቆቃ ላይ ውኃው ከሰማዩ አይለይም። መቂ ላይ ሽንኩርት ሸተተኝ፤ ባቱ ላይ ዓሣ የያዙ ሴቶች በመስታወቱ በኩል አፋቸውን እያንቀሳቀሱ ይጣራሉ፤ ድምፃቸው አይሰማም። ከቡልቡላ ወዲያ ግራሮቹ በዝናብ ታጥበው ቆመዋል፤ ከሩቅ የአብያታ ዳር ነጭ ሆኖ ይታያል፤ መሬት ይሁን ደመና አላውቅም። እንቅልፍና ንቃት መሐል ሆኜ የምናገረውን አዘጋጃለሁ። መግቢያ አለው፣ ሦስት ነጥብ አለው፣ በጸሎት ይዘጋል። ነገሌ ስደርስ ያማረ ስብከት ሆኖ ነበር።

ቀኑ የገበያ ነው። የአማቶቼ መጋዘን ደጃፍ ላይ ጆንያ ይወርዳል፣ ሚዛን ይንኳኳል፣ በኦሮምኛም በአማርኛም ዋጋ ይጠራል። አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ከሚዛኑ ቀና ብለው፣ "አካም ጅርቱ፣ ፓስተር! ዛሬ ከየት ወጣህ?" አሉኝ። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል አገጬን ይዘው አቀኑኝ። ልጃችን የስንዴ ክምር ላይ ተቀምጣ ቆሎ ትበላለች። ባለቤቴ ከውስጥ ወጣች፤ ፀጉሯ ላይ ገለባ ሰፍሯል። ከስታለች። ሳያት ስብከቴ ጠፋኝ።

አማቴ ወደ ውስጠኛው ክፍል እየጠቆሙ፣ "በሉ ግቡና ተነጋገሩ" አሉ። እግሬ ወዲያው ወደ በሩ ዞረ። እጄ መዝጊያውን ሊይዝ ሲዘረጋ አየሁት።

"እዚሁ" አለች ባለቤቴ። "የምትለው ካለህ እዚሁ በል።"

"ሰው አለ" አልኳት።

"ይኑር።"

አፌን ከፈትኩ። የወጣውን ድምፅ አላውቀውም፤ ስንጥቅጥቅ ያለ፣ ቀጭን፣ ከመድረኩ ድምፄ ጋር የማይዛመድ። "በሰው ሁሉ ፊት ጥለሽኝ ወጣሽ!"

"በሰው ሁሉ ፊት ነዋ የነገርከኝ!" ጮኸች። "ሚስትህ ነኝ ወይስ ምእመን?"

"ልነግርሽ ነበር!"

"መቼ? ዕቃው ሲጫን?"

"ያን ቀን ማታ!"

"ውሸት!"

ውሸት ነበር፤ ያን ቀን ማታም አልነግራትም ነበር። አንድ ወዛደር ጆንያውን እንደተሸከመ ቆሟል። ዋጋ የሚጠሩትም ወደ እኛ ዞሩ። የቤተሰብ አገልግሎት ፓስተር በገበያ መሐል ከሚስቱ ጋር ሲጯጯህ ሰው ምን ይል ይሆን የሚለው ሐሳብ መጣ፤ አለፈም። ልጄን ሰረቅ አድርጌ አየኋት። አልፈራችም። ቆሎዋን እያኘከች አንዴ እኔን አንዴ እናቷን ታያለች።

"ፈርቼሽ ነው!" አልኩ። "የፈራሁት መተሃራን አይደለም፣ ሽማግሌዎቹንም አይደለም፤ አንቺን ነው። ከተጣላን እንዴት እንደሚያልቅ አላውቅም! በሕይወቴ ሲያልቅ አልሰማሁም!"

ደረቷ ከፍ ዝቅ ይላል። እንባዋ በገለባ አቧራው ላይ መንገድ አወጣ።

"እኔስ እንደማውቅ ማን ነገረህ?" አለችኝ፤ ድምፅዋ ግን ወርዷል። "ዝም ብዬ እጮሃለሁ እንጂ።"

ሁለታችንም ቆመን ቀረን። ቀጥሎ የሚመጣውን አላውቅም፤ ስጠብቀው የነበረው ቃል ይህ ይሁን ሌላ እስካሁን አልለየሁም። አማቴ እጃቸውን በቀሚሳቸው እያበሱ ተነሱ።

"ኮታ፣ ኮታ፣ ኑ፤ ምሳው ቀዘቀዘ" አሉን። ከዚያ ልጃቸውን ዞር ብለው አይተው፣ "ጨረሳችሁ?" ሲሉ ጠየቁ።

ባለቤቴ በሻሿ ፊቷን ጠረገች፤ ልጃችንን ከክምሩ ላይ አወረደችና የቀሚሷን አቧራ አራገፈችላት።

"አልጨረስንም" አለች። "የቀረውን አዳማ፣ ቤቴ ገብቼ ነው የምነግረው።"